ያልተመረቀው ባትሪ

እኛ ዘንድ ዕቃ ሁለት ዓይነት ነው፤ የሚሠራበት ዕቃና የማይነካ ዕቃ። የሚሠራበት ዕቃ እጀታው ወልቆ፣ ክዳኑ ጠፍቶ፣ በሽቦ ታስሮ ዕድሜውን ይጨርሳል። የማይነካው ከመስታወት ጀርባ ተቀምጦ እንግዳ ይጠብቃል። እንግዳው አንዳንዴ ይመጣል። ሲመጣ ግን የማይነካው ዕቃ አቧራ ለብሷል፣ ለማጠብም ጊዜ የለም፤ ስለዚህ እንግዳው በተሰነጠቀው ይጠጣል። እናንተስ ቤት እንዴት ነው? አትደብቁኝ። ሶፋችሁ ላይ ስትቀመጡ ላስቲኩ አይንኮሻኮሽም? ጎረቤቴ የነበረ ሰው ለሠርጉ የተሰጠውን ወፍራም ብርድ ልብስ "ለክፉ ቀን" ብሎ ሣጥን ቆልፎበት፣ ዕድሜውን ሙሉ በሱሉልታ ብርድ ሲንዘፈዘፍ ኖረ። ክፉው ቀን ሲመጣ ሣጥኑ ተከፈተ። ብል ቀድሞ ደርሶ ነበር።

ይህ የድሃ ቤት ጠባይ ነው ብላችሁ እንዳትስቁ። ቢሮም እንዲሁ ነው፣ ማኅበርም እንዲሁ ነው። እንዲያውም የቤቱ ይሻላል። የቤት ዕቃ የሚጠብቀው እንግዳ ነው፤ የማኅበር ዕቃ ግን ምረቃ ይጠብቃል። ምረቃ ማለት አንድ ዕቃ እንዲሠራ በትልቅ ሰው መቀስ የሚፈቀድበት ሥርዓት ነው። ሪባኑ ሳይቆረጥ ከቧንቧው አይጠጣም፣ በድልድዩ አይታለፍም፤ ወንዙ ሞልቶ ሰው ቢወስድም ድልድዩ ትልቁን ሰው ይጠብቃል። በሬ ግን ሳይመረቅ ያርሳል። ላምም ሳትመረቅ ትታለባለች። ተመስገን ነው።

እኔ ብዙ አልናገርም። ፊደልም አልቆጠርኩም፤ ይህንንም የምትጽፍልኝ ምራቴ ናት። በወተት ማኅበራችን የቁጥጥር ኮሚቴ አባል ሆኜ የተመረጥኩት እንኳ በዝምታዬ ነው። "ኦቦ ቱፋ አይለፈልፍም" ተባለ፣ እጅ ወጣ፣ አለቀ። ቁጥጥር ማለት ዝም ማለት ከሆነ ከእኔ የተሻለ ተቆጣጣሪ አይገኝም። "ዝም አይነቅዝም" ይላሉ። እውነት ነው፣ አይነቅዝም። ወተት ግን ይረጋል።

የማኅበራችን ወተት መሰብሰቢያ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። በአንደኛው ክፍል የወተት ማቀዝቀዣው ጋን አለ፤ ሁለተኛው መጋዘን ነው። ጠዋትና ማታ አልበን እናመጣለን፣ ጋኑ በመብራት ያቀዘቅዛል፣ የፋብሪካ መኪና መጥቶ ይወስዳል። ነገሩ ይኸው ነው። ችግሩ ማታ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ከተማው ሁሉ አንድ ሰው ይሆናል። በድንበር አንስማማም፣ በእድር አንስማማም፣ በቀብር እንኳ ተቀያይመን ነው የምንሄደው፤ ምድጃና ምጣድ በመሰካት ግን አንድ ልብ ነን። ሁሉም በአንድ ደቂቃ ይሰካል። አምፖሉ እንደ ፍም ይቀላል። የጋኑ ሞተር አንድ ሁለቴ ያቃስትና ይተኛል። ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ያው መብራት ሞልቶ ይፈሳል፣ የሚነካው የለም። ሰው ከሚተኛበት ሰዓት በኋላም እንዲሁ። እኛ ግን ማታ፣ በዚያችው ሰዓት፣ እንደ ቀብር ድንኳን ንፍሮ እንሻማበታለን።

በፍስክ ጊዜ ይህ ብዙም አይጎዳንም። የማታውን ወተት ካፌዎቹ ገና ሙቀቱ ሳይለቀው ይወስዱታል፤ ጋኑ ውስጥ የሚያድረው ጥቂት ነው። ሁዳዴ ሲገባ ነው ጉዱ። ትናንት በወተት የታጠበች የምትመስለው ከተማ በአንድ ጀምበር ወተት ትጠላለች። ፋብሪካውም ገበያ ቀዘቀዘ ብሎ መኪናውን በሁለት ቀን አንዴ ብቻ ይልካል። ላሟ ግን ፆም አታውቅም፤ ስጡኝ እንጂ አልሰጥም አትልም። ስለዚህ ወተት ማደር የሚኖርበት ሰው ወተት በማይጠጣበት ጊዜ ነው። ነገራችን ሁሉ እንዲህ ነው።

ለዚህ ነው ጥምቀት ሰሞን ባትሪው የመጣው። ፕሮጀክት ነው ያመጣው ተባለ። ቁመቱ እንደ ቁም ሣጥን ነው፣ ነጭ ነው፣ ያብለጨልጫል። አብሮት የመጣው ባለሙያ ትሑት ሰው ነበር፤ እውነት ለመናገር ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል የሚሰማ ነገር የተናገረ እሱ ብቻ ነው። "አባቶቼ፣ መብራቱ ቀን ይተርፋል፣ ማታ ያንሳል። ይህ ዕቃ ቀን የተረፈውን ይዞ ማታ ይሰጣችኋል" አለን። ገባን። ታኅሣሥ ያጨደውን ሐምሌ የሚበላ ገበሬ ይህ እንዴት አይገባውም? ጎተራ ነው። ቀጥሎም ጋኑን እያየ፣ "ይህ በቆርቆሮ ጣራ ሥር ራቁቱን ቆሞ ቅዝቃዜው ሁሉ ያልቃል፤ ዙሪያውን ጭድ በጆንያ አድርጋችሁ አልብሱት፣ ግማሽ ድካሙ ይቀንስለታል" አለ። ሲሄድም "ባትሪው ባዶውን እንዳይቀመጥ፣ ዛሬውኑ ሰክታችሁ ሙሉት፤ ባዶውን ከቆየ ይሞታል" ብሎ ሦስት ጊዜ አስጠነቀቀ።

ሦስት ጊዜ ተነግሮን አንድ ጊዜም አልሰማንም።

ሊቀመንበራችን አቶ ታደለ ይባላል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክራባት የሚያስር ሰው ነው። ባለሙያው ከመሄዱ ባትሪውን መጋዘን አስገባ፣ ላስቲኩን መልሶ አለበሰው፣ ባለቤቱ የሠራችውን ዳንቴል ከላይ ጣል አደረገበት፣ በሩን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። "ሳይመረቅ አይነካም" አለ። ጭዱስ ስንለው ሳቀ። "እንግዳ መጥቶ ጭድ ሊያይ ነው? ጎረምሳ ላም አደረጋችሁት እንዴ ጋኑን?" ጎረምሳ ላም እንደሌለች እንኳ አያውቅም። ቢሮ ብዙ ተቀምጧል።

ሁዳዴ ገባ። በመጀመሪያው ሳምንት የሁለት ቀን ወተት ጋኑ ውስጥ አድሮ፣ የፋብሪካው ፈታሽ ጠዋት መጣ። ፈታሹ ጠና ያለ፣ ፊቱን የማያፈካ ሰው ነው፤ ከወተቱ ትንሽ ቀድቶ አልኮል ያንጠባጥብበታል። ወተቱ ከቋጠረ አይወስድም። ቋጠረ። ያ ሁሉ ወተት ወደ ቦዩ ተደፋ። ፈታሹ መኪናው ላይ ከመውጣቱ በፊት ዞር ብሎ፣ "ይቅርታ አድርጉልኝ። አንድ ጊዜ ከተደገመ መኪናው እዚህ አይቆምም ተብያለሁ" አለ።

ይህን ስትሰማ አዴ ጫልቱ ቦዩ ዳር ቆማ ነበር። ጫልቱ ባሏ ከሞተ ወዲህ በሁለት ላሞች ነው የምትኖረው። መሬቷ ለቤት ተብሎ ተሸንሽኖ አልቋል፤ የቀራት ግቢዋና ሁለቱ ላሞች ናቸው። መኪናው ካልቆመ ላሞቹን ትሸጣለች፤ ላሞቹን ከሸጠች ደግሞ ምን እንደምትሆን ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም። ነጩ ውሃ ቦዩን ሞልቶ ሲሄድ አየችና፣ "ዋቃዮ! ላም አለኝ በሰማይ ሲሉ ቀልድ ይመስለኝ ነበር" አለች። ከዚያ ቀጥታ ወደ አቶ ታደለ ቢሮ። እኔም ተቆጣጣሪ ነኝና ተከተልኳት።

"ልጄ ታደለ፣ ያንን ጎተራ ክፈትልን" አለችው።

"አዴ ጫልቱ፣ በእጄ አይደለም። ትልቁ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣሉ፣ ያኔ ይመረቃል።"

"ላሞቼንም በሚቀጥለው ሳምንት ልለባቸው?"

"እንዲህ አይባልም እኮ! ሥርዓት አለ። ሳይመረቅ ቢበላሽ ማነው የሚጠየቀው?"

"ወተቱ ሲበላሽ ማን ተጠየቀ?"

አቶ ታደለ ወደ እኔ ዞረ። "ኦቦ ቱፋ፣ እርስዎ እንኳ ይንገሯት እንጂ።" እኔ ዝም አልኩ። ለእሱ ማገዝ መሰለው፤ ለእሷም ማገዝ መሰላት። ዝምታ ጥሩ ነገር ነው፤ ሁሉም የየራሱን ይሰማበታል።

የሚቀጥለው ሳምንት መጣና ሄደ። ትልቁ ሰው ስብሰባ አላቸው ተባለ። እስከዚያ መኪናው እንዳይቀርብን የማታውን ወተት ቤት አስቀርተን አረጋነው።

ጫልቱ ግን መንገድ ላይ ነበረች። ከቤቷ ወደ መሰብሰቢያው ስትመላለስ የደጀኔ ልኳንዳ ፊት ለፊት ታልፋለች። ደጀኔ በሁዳዴ ሥራ የለውም፤ በር ላይ በርጩማ ጥሎ ያዛጋል። አንድ ቀን ጫማውን ሊቀይር ብሎ ፍሪዘሩን ሲከፍት አየችው። ከውስጡ ጫማ አወጣ።

"ምነው ደጀኔ፣ ጫማህ ይሸታል እንዴ?" አለችው።

"ምን ላድርገው አዴ! ለዓመት በዓል ትራፊ ሥጋ ብዬ ገዛሁት፣ ደንበኛው ደግሞ የፍሪጅ ሥጋ አልበላም ይላል። በፆምማ ጭራሽ። ቁም ሣጥን አድርጌዋለሁ።"

"መብራት ይሠራል?"

"ቀን ቀን? እንዴታ! ማታ ነው እንጂ የሚንተፋተፈው።"

እሷ እዚያው ቆማ አሰበች። እኔ ዘንድ መጥታ ያሰበችውን በስድስት ቃል ነገረችኝ፤ "ቀን በረዶ፣ ማታ ወተት። ማል ጎና?" አለች። ምን እናድርግ ማለቷ ነው። "እናድርገው" አልኩ። በዚያ ሳምንት የተናገርኩት ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም።

አያችሁ፣ ነገሩ እንደ ቀንበር የተገጠመ ነው። ወተት የሚተርፈው ሰው ስለሚፆም ነው፤ የልኳንዳው ፍሪዘር ባዶ የሚሆነውም ሰው ስለሚፆም ነው። ፋሲካ ሲመጣ ፍሪዘሩ ሥጋ ይሞላል፤ ግን ያኔ ወተቱን ሰው ራሱ ይጠጣዋል፣ የሚያድርም የለም። ይህን የፕሮጀክት ወረቀት ላይ የጻፈው የለም። የበዓላት ቀን መቁጠሪያ ግድግዳው ላይ የሰቀለ ቤት ግን ሁሉ ሊያየው ይችል ነበር። እኔም ሳላየው ሽማግሌ ሆንኩ።

ፍሪዘሩን በፈላ ውሃና በሳሙና ሦስት ጊዜ አጠብነው፤ ደጀኔ ጫማውን ይዞ እየተራገመ ቆመ። ባዶ የውሃ ላስቲኮች ለቃቅመን፣ አጥበን፣ ሞልተን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እንደረድራለን። መብራቱ ቀን ሙሉ ያለ ተፎካካሪ ይሠራል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ድንጋይ ይሆናሉ። ከዚያ በጆንያ ተሸክመን መሰብሰቢያው እንወስዳቸዋለን። በጋኑ ክፍል ጥግ ላይ አራት የእንጨት ሣጥን ሠርተን በጤፍ ጭድ ለበጥናቸው፤ የማታውን ወተት ወደ ጋኑ ከመገልበጣችን በፊት በየዕቃው ሣጥኑ ውስጥ፣ በበረዶው መሀል እናቆመዋለን። ከተማው ምድጃውን ሰክቶ አምፖሉ ሲቀላ እኛ ምን ገዶን! የኛ መብራት ቀን ተበልቶ ሳይሆን ቀን ተቋጥሮ መጥቷል። ጋኑንም፣ አቶ ታደለ በሌለበት፣ ጆንያ አለበስነው።

አንድ ፍርሃት ብቻ ነበረን። ወተቱ በልኳንዳ በረዶ እንደሚቀዘቅዝ ፋብሪካው ከሰማ፣ "የሥጋ ፍሪዘር" የሚለውን ቃል ብቻ ነው የሚሰማው፤ መኪናው በዚያው ይቀራል። ስለዚህ ላንናገር ተማማልን። ለዝምታ ደግሞ ተቆጣጣሪው አለ።

ፈታሹ መጣ፣ አልኮሉን አንጠባጠበ፣ ጠበቀ፣ ነቀነቀው። አልቋጠረም። በሚቀጥለው ዙርም አልቋጠረም። በሦስተኛው ጊዜ ፊቱ ትንሽ ፈታ አለና፣ "እንኳን ደስ አላችሁ፤ ባትሪው መሥራት ጀመረ ማለት ነው" አለ። ማንም አላረመውም። አቶ ታደለ ከበሩ ላይ ሆኖ ክራባቱን አስተካከለ። ሣጥኖቹን አይቷቸዋል፤ አይቶ ያላየ መሆን ቢሮ የሚያስተምረው የመጀመሪያው ትምህርት ነው።

ከደብረ ዘይት በኋላ በሦስተኛው ቀን ትልቁ ሰው መጡ። ያን ዕለት የነበረውን ግርግር ለመንገር አፍ ይደክማል። ሣጥኖቻችን ሸራ ተጣለባቸው፤ "መለዋወጫ ነው በሉ" ተባልን። የጋኑ ጆንያ ወለቀ። ከሰበታና ከቡራዩ ወተት ማኅበሮችም ሰዎች በሁለት ሚኒባስ ለልምድ ልውውጥ መጡ። የልምድ ልውውጥ ማለት አንዱ ያልሠራውን ለሌላው የሚያስጎበኝበት ጉዞ ነው፤ ምሳም አለው።

ሪባኑ ተቆረጠ። ዳንቴሉ ተነሣ፣ ላስቲኩ ተገፈፈ። ትልቁ ሰው ቁልፉን ተጫኑ። ባትሪው ዝም። ሁለተኛ ተጫኑ። ዝም። ሁለት ወር ባዶውን የቆመ ጎተራ ምን ያውጣ! ሦስተኛ ሲጫኑ ፊቱ ላይ አንዲት ትንሽ ቀይ መብራት በራች።

"ቀይ ምን ማለት ነው?" አሉ ትልቁ ሰው።

"ሥራ ላይ ነኝ ማለቱ ነው፣ ክቡርነትዎ" አለ አቶ ታደለ።

ጭብጨባ ሆነ። እኔም አጨበጨብኩ፤ እጄ ከእኔ ጋር አልተማከረም። ከዚያ ወተት ቀረበላቸው፤ ፆም ነውና አልቀመሱም፣ ብርጭቆውን ዳሰሱና "እንዴት ይቀዘቅዛል!" አሉ። ሌሊቱን በጭድ ውስጥ ያደረ የደጀኔ በረዶ ነው የቀዘቀዛቸው።

ቀጥሎ "ከአባላት አንድ ምስክር" ተባለና ጫልቱን አስነሷት። ፈታሹ ከጎን ቆሟል፣ እጁ ላይ ደብተር አለ። ድምፅ ማጉያው አፏ ላይ ተደቀነ። ከመናገሯ በፊት ከቡራዩዎቹ መሀል አንዲት ሴት ተነሣች። ወይዘሮ ብዙነሽ እባላለሁ አለች፤ ነጠላዋን አጣፍታለች፣ ቁመቷ ዘለግ ያለ ነው።

"እኔ ለጉብኝት አይደለም የመጣሁት" አለች። "እኛም ዘንድ ወተት እየተደፋ ነው። እህቴ፣ እንደ እናት ንገሪኝ፤ እውነት ይሄ ነገር ነው ያዳናችሁ?"

ጫልቱ ፈታሹን አየች። አቶ ታደለን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ። እኔ ምን አደረግኩ? ጫማዬን አየሁ።

"ባትሪው ከመጣ ወዲህ..." አለችና ቆመች። "አሁን አሁን ወተቴ አይደፋም" ብላ ተቀመጠች።

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ጭብጨባው ቤቱን አናጋው። ብዙነሽ ራሷን ነቅንቃ "እንግዲያው እኛም እናመለክታለን" አለች። የሰበታዎቹም እናመለክታለን አሉ። ትልቁ ሰው እዚያው ቃል ገቡ፤ ለሰበታ አንድ፣ ለቡራዩ አንድ፣ ለእኛ ደግሞ አርአያ ስለሆንን ሁለተኛ ባትሪ ይጨመርልናል ተባለ።

በማግስቱ አቶ ታደለ ጠራን። ለሁለተኛው ባትሪ ቦታ ስለሚያስፈልግ ከጋኑ ክፍል ጥግ ያሉት "መለዋወጫዎች" ዛሬውኑ ይውጡ አለ።

"ታደለ፣ እነሱ እኮ ናቸው ወተቱን..." አለች ጫልቱ።

"አዴ፣ በድምፅ ማጉያ የተናገሩት እርስዎ ነዎት፤ እኔ አይደለሁም።"

ሣጥኖቹን ተሸክመን ጫልቱ ቤት አጥር ሥር ደረደርናቸው፤ ወተቱ አሁን ከዚያ ነው ወደ ጋኑ የሚሄደው፣ መንገዱ ቢረዝምም። መኪናውም እስካሁን ይቆማል። ለእሷ ግን ይህ አልበቃትም። ሰኞ ጠዋት በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ፤ አንድ የበረዶ ላስቲክ በጭድ ጠቅልላ፣ በጆንያ ቋጥራ፣ እንደ ሕፃን ታቅፋዋለች።

"ቡራዩ ልሄድ ነው" አለች።

"ፈታሹ ቢሰማስ?"

"ይስማ። ያቺ ሴት 'እንደ እናት ንገሪኝ' ብላኛለች፣ ኦቦ ቱፋ። እንቅልፍ ነሣችኝ። አንቱም ይነሡ፣ ያን ዕለት ጫማዎን ሲያዩ አይቻለሁ።"

ተነሣሁ። በአዲስ አበባ ዞረን፣ ሁለት ታክሲ ቀይረን፣ እየጠየቅን ቤቷን አገኘነው። ብዙነሽ ግቢዋ ውስጥ ከላሞቿ ሥር እበት ትዝቅ ነበር። ስታየን "ስለ ባትሪው ነው የመጣችሁት? ማመልከቻችን እኮ ገብቷል፣ ክፍል ሁሉ እየተለሰነለት ነው" አለች። ጫልቱ ጆንያውን ፈታች፣ ጭዱን ገለጠች፣ ላስቲኩን አወጣች። ከጠዋት ጀምሮ ከሱሉልታ ቡራዩ ድረስ ተጉዞ ገና ድንጋይ ነው።

ብዙነሽ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ዳሰሰችው።

"ባትሪው ይሄ ነው?" አለች።

"ኤዬ" አለች ጫልቱ። "ይሄ ነው።"

ከዚያ ጫልቱ ስለ ልኳንዳው፣ ስለ ፆሙ፣ ስለ ጭዱ ነገረቻት፤ ያላለችውን እኔ ጨመርኩ። ምራቴ ስትሰማ አላመነችኝም፣ ግን ብዙ ተናገርኩ። ብዙነሽ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፤ ጭዱ የጤፍ ነው የስንዴ? የጤፍ ነው አልናት። የእበት መዛቂያዋን ጥላ፣ እጇን ታጥባ፣ ነጠላዋን ለበሰች።

"ሥጋ ሻጩ ምሳ ሳይሄድ ልድረስበት" ብላ እኛን እግቢዋ ውስጥ ከላሞቹ ጋር ትታን ወጣች። ተቀመጡ እንኳ አላለችንም። እኛም አልተቀየምናትም።